ለልጄ፦ የቦይለሩ ብር የት እንደገባ

አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ፣ እንዴት ናችሁ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ብሩ ደርሶናል አላህ ይተካልሽ። እናትሽ ምርቃቱን በስልክ ስላወረደችልሽ እኔ ቀጥታ ወደ ቦይለሩ ልግባ። 100 ሊትሩን ግዙ ብለሽ ነበር፣ እኔ 50 ሊትር ነው የገዛሁት፣ ቅር እንዳይልሽ ምክንያቱን ልንገርሽ።

አሮጌው አንቺ 8ኛ ክፍል እያለሽ የተገጠመው ነው። ከስሩ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ጋኬቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ በኋላ ሰራተኛው ፈቶ ሲያየው ግን ታንከሩ ራሱ ተበልቷል። ውስጡ እንደ ድሮው የብረት ሳህን ነጭ ልባጥ አለው፣ ሳህኑ ሲላጥ ዝገቱ ከተላጠበት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ፣ ይሄም እንደዛው ነው። ዝገቱ ታንከሩን እንዳይነካ አኖድ የሚሉት የማግኒዥየም ዘንግ ይገባበታል፣ ስራው በታንከሩ ፈንታ እሱ መበላት ነው፣ እሱ ካለቀ ተራው የታንከሩ ነው። የኛው ሲወጣ መሀሉ ያለችው ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርታለች። በየአመቱ በየሁለት አመቱ አስከፍቼ አይቼው ቢሆን ገና ይሰራ ነበር፣ ይሄ ይቆጨኛል።

ከሱ የባሰ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው ልጄ። እናትሽ ለፈጅር ውዱእ ልታደርግ ስትገባ "ቧንቧው ይነዝረኛል" ትለኝ ነበር፣ አንዴ አይደለም ስንት ጊዜ። እኔ ደግሞ ብርዱ ነው ጣትሽ ደንዝዞ ነው እላታለሁ፣ የደሴን የህዳር የታህሳስ ንጋት ታውቂዋለሽ። ለካ ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው እያፈሰሰ ነው፣ የፈሰሰውን ወደ መሬት የሚወስደው ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ደግሞ ተቆርጦ ከኋላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የት ይግባ ቤቱ መጀመሪያውኑ የመሬት መስመር የለውማ። ይሄን ሳይ እግሬ ከዳኝ። አላህ ነው ያተረፋት።

ስለዚህ ብርሽን መጀመሪያ እዛ ላይ አዋልኩት። ከጓሮ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ፣ ከሱ እስከ ሻወር ቤት የመሬት ሽቦ ተሳበ፣ ለቦይለሩ ለብቻው 2.5 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር፣ ከዛ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው የ30 ሚሊ አምፔሩ ብሬከር ተገጠመ። ሰራተኛው ይሄን ሁሉ ምን አስለፋህ አለኝ፣ ግጠም ብቻ አልኩት።

መጠኑን በተመለከተ፣ እኛ ሁለት ሰው ነን። 50 ሊትር 60 ዲግሪ ደርሶ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 90 ሊትር የሚያህል ለመታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውሃ ይወጣዋል፣ 1500 ዋት ስለሆነ ሁለት ሰአት ሳይሞላ ይደርሳል። 100 ሊትሩ እጥፍ ይፈጃል፣ እዚህ መብራት እንደልብ እስኪሆን ማን ይጠብቀዋል። አጎትሽ ደግሞ ከኮምቦልቻ ደውሎ ወዲያው የሚያሞቀውን ትንሹን ሻወር ግዛ ብሎ ያዘኝ። እሱ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሙቀት ውስጥ ነው የሚኖረው የኛን ውሃ ረስቶታል። ያ እቃ 5500 ዋት ነው፣ 25 አምፔር ይስባል፣ የኛ ሽቦ አይችለውም፣ ማታ ማታ ደግሞ 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱን ሲሶ ያጣል፣ በዛ ቅዝቃዜ የሚወርደው ክር የምታክል ውሃ ነው። ቦይለር ግን ቢዘገይም ያሞቀዋል።

ጣሪያ ላይ ወጥቶ በፀሀይ የሚያሞቀውን ሶላሩንም አልጠላሁትም፣ ልቤ እዛው ነው። ግን 150 ሊትር ውሃ ብቻውን 150 ኪሎ ነው፣ ጣሪያችንን ታውቂዋለሽ ማገሩ አርጅቷል። ደግሞ ፀሀይዋ ቶሎ ጦሳ ተራራ ኋላ ትገባብናለች፣ ሀምሌና ነሀሴማ ጨርሶ የለችም። ጣሪያው ሲታደስ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እናትሽ አዲሱ ያንጠባጥባል ብላ ደውላልሽ ነበር አሉ። አብሽሪ፣ ሴፍቲ ቫልቩ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከ50 ሊትሩ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋው መውጫ ይፈልጋል፣ በዛች ቫልቭ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሞቆ ሲያበቃ ይቆማል። ፈሰሰ ብለው በቡሽ የሚደፍኑት አሉ፣ ታንከር የሚፈነዳው እንደሱ ሲደረግ ነው። እኔ ቀጭን ጎማ አስሬ ወደ ፍሳሹ መራሁት።

አሁን ስለራስሽ ቤት። የተከራየሽው ቤት ቦይለር አሮጌ ነው ብለሽኝ ነበር። ልጆቹ እግራቸው እርጥብ ሆኖ ነው ቧንቧውን የሚይዙት። ዛሬውኑ ብሬከሩን አጥፊና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ጥሪ፣ የመሬት ሽቦው የታሰረ ብቻ ሳይሆን መሬት የሚደርስ መሆኑን ይለካልሽ፣ ኤለመንቱንም ይፈትሸው። እስከዛ ልጆቹን በድስት አሙቀሽ እጠቢያቸው። የተረፈው ብር እኔ ጋ አለ፣ ለሰራተኛው የሚሆን ነገ በጠዋት አስገባልሻለሁ፣ አከራይሽ ይከፍላል ብለሽ አትጠብቂ። ሰውየው አይቶ ሲጨርስ ማታም ቢሆን ደውይልኝ፣ አልተኛም።

አባትሽ፣ ከደሴ