የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ 199ኙን ፍለጋ

ዘንድሮ ክበባችን «የፍሳሽ ክበብ» የሚል ስም ወጥቶለታል። አልተከፋንም። ዓመቱን ሙሉ የከተማ ፍሳሽ ወረርሽኝን ቀድሞ እንዴት እንደሚጠቁም ነው ያጠናነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ቫይረሶች ሰውየው ገና ሳያመው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳያመው፣ ከሰገራው ጋር ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኔዘርላንድስ አሜርስፎርት ከተማ የኮሮና ቫይረስ ምልክት ፍሳሽ ውስጥ የተገኘው፣ እዚያ የመጀመሪያው ታማሚ ሪፖርት ከመደረጉ በፊት ነበር።

በየሐሙሱ ተሰብስበናል፤ በሚኒ ሚዲያም አራት ጊዜ አቅርበናል። ከሁሉ የደመቀው ግን በጎማ ቱቦና በጠርሙስ የሠራነው የፍሳሽ መስመር ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀለም ጠብ አደረግን። ልጆቹ ከታች ተነስተው በየመገጣጠሚያው እየቀዱ ቀለሙ የመጣበትን «ሰፈር» አገኙት። «ዝናብ» ስናፈስበት ግን ቀለሙ ድራሹ ጠፋ። ባለሙያዎች ይህን የሚያርሙት በአንድ የበርበሬ ተክል ቫይረስ ነው። ከምንበላው ጋር ገብቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። እሱ ናሙናው ውስጥ ካነሰ ፍሳሹ ቀጥኗል ማለት ነው።

ከዚያ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያውን ጎበኘን። ሁሉም አፍንጫውን ይዟል። ባለሙያው 24 ሰዓት ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየቀዳ የሚያጠራቅመውን መሣሪያ ከፍቶ አንድ ጠርሙስ አወጣ። ስለ ፖሊዮም ነገረን። ከተያዙት 200 ሰዎች ልምሻ የሚመታው አንዱን ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እስራኤል ውስጥ አንድም ልጅ ሳይመታ ቫይረሱ ፍሳሽ ውስጥ ተገኝቶ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ።

ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተናት የማናውቅ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ታዲያ የቀሩት 199ኙ የት ነው የሚታዩት?»

ባለሙያው ጠርሙሱን ከፍ አደረገው። ልጅቷ እጇን ከአፍንጫዋ አነሳች። ተጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። አጎቷ በክራንች እንደሚሄድ ነገረችኝ። «እሱ አንዱ ነው ማለት ነው፣ ቲቸር» አለች። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ።

ጉድለትም ነበረብን። ጉብኝቱ በአውቶቡስ እጦት ሁለቴ ተሰርዟል። ለ23 ልጆች ያለን ገዋን አራት ነው። «ልጆቹን ለበሽታ ታጋልጣለህ» ላላችሁኝ ባልደረቦቼ፦ አንድም ተማሪ ጥሬ ፍሳሽ አልነካም፤ ሞዴሉን የሠራነውም ለዚሁ ነው። ለማሊያ የተገኘ በጀት ለጓንት መጥፋቱ ግን አሁንም ይከነክነኛል። ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ገዋን፣ ጓንት፣ መነጽርና ሁለት ቀን የሚያገለግል አውቶቡስ ነው። አንዱን ቀን ናሙናው በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚለየው ምርመራ) ሲመረመር ላብራቶሪ ገብተን ማየት እንፈልጋለን።

ያቺ ልጅ የክበቡ ጸሐፊ ሆና ተመርጣለች። የመጀመሪያ ሥራዋ የአውቶቡሱን ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ደብዳቤው ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው።