በወፍ ዋሻ ደን የመግቢያ ክፍያ ጉዳይ የተጠራ ስብሰባ

ለእግር ጉዞ ቡድናችን አባላት በሙሉ፦

የወፍ ዋሻን ደን የሚጎበኙ ሰዎች ክፍያ ይጠየቁ ወይስ አይጠየቁ በሚለው ክርክር ላይ የጋራ አቋም ይዘን ለሚመለከታቸው አካላት በጽሑፍ እንድናቀርብ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደብረ ብርሃን በተለመደው መሰብሰቢያችን እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ባለፈው ጉዟችን ከአንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ብቻ የለቀምነው የውኃ ፕላስቲክ ሁለት ማዳበሪያ ሞልቷል፤ ጥበቃና ጽዳት ደግሞ ያለ ገንዘብ አይሆንም። ይሁን እንጂ ደኑን አቋርጠው ገበያ የሚወጡ፣ ከምንጩም ውኃ የሚቀዱ ነዋሪዎች በገዛ ቀያቸው ትኬት መጠየቃቸውን በፍጹም አልቀበልም።

ለውይይታችን እንዲረዳ፣ አሜሪካ በብሔራዊ ደኖቿ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ የሙከራ ክፍያ ፈቅዳ ብዙ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ፣ የ2004ቱ ሕግ ከገቢው 80 በመቶው በመርሕ ደረጃ በተሰበሰበበት ሥፍራ እንዲውል ደንግጓል፤ መገልገያዎቹን ሳይጠቀም በእግሩ የሚያልፍን ሰው ማስከፈልንም ከልክሏል። ከእኛው አገር ደግሞ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን የሣር ምድር ቄሮ በተባለው የአካባቢው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ራሱ ሲጠብቅ መኖሩን እያሰብን፣ ገንዘቡን ማን ይያዘው የሚለውን አስቀድመን እንወስን።

እያንዳንዱ አባል የሚያምንበትን የክፍያ መጠንና ከክፍያ ነፃ ሊሆኑ ይገባል የሚላቸውን ሰዎች ጽፎ ይዞ ይምጣ። መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ አሳውቁን፤ የማይመቻችሁም ሐሳባችሁን በጽሑፍ ላኩልን።

የቡድኑ አስተባባሪ