የጉዳት ካሳ እንደ ገቢ አይቆጠር

ለአዘጋጁ፦

በብሪታንያ ፓርላማ ስለ መከላከያ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመርከብና በአውሮፕላን ግዢ ዙሪያ ነው። የተጎዱ የቀድሞ ወታደሮችን ኑሮ የሚወስነው ግን ጥቂት እንደራሴዎች ብቻ የሚያነቡት የድጎማ ደንብ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2005 በፊት በአገልግሎት ላይ የተጎዳ ወታደር የጦር ጉዳት ጡረታ ያገኛል። በሥራ ዕድሜ ላይ ሳለ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ቢጠይቅ ይህ ገንዘብ እንደ ገቢ አይያዝበትም። ያው ሰው የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ፔንሽን ክሬዲት የተባለውን ለዝቅተኛ ገቢ ጡረተኞች የሚሰጥ ድጎማ ሲጠይቅ ግን ከጉዳት ጡረታው የማይቆጠርበት በሳምንት 10 ፓውንድ ብቻ ነው። 60 ፓውንድ የሚያገኝ ከሆነ 50ው ገቢ ተብሎ ድጎማው በዚያው ልክ ይቀንስበታል። ጉዳት ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይብሳል እንጂ አይቀልም! በቤት ኪራይ ድጎማ በኩል የአካባቢ ምክር ቤቶች ገንዘቡን በሙሉ እንዲተዉ ሥልጣን አላቸው፤ ስለዚህ ዕጣው በሚኖርበት ቦታ ይወሰናል።

ጉዳት ጡረታው ለፔንሽን ክሬዲትም በሙሉ እንደ ገቢ እንዳይቆጠር ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የ2002ቱን የፔንሽን ክሬዲት ደንብ ማሻሻል ይበቃል። ጥያቄውን ለመከላከያ ሚኒስቴር ማቅረብ ስህተት ነው። ደንቡ የሥራና ጡረታ ሚኒስቴር ስለሆነ ወደዚያው ይዛወራል፣ ቀናትም ይባክናሉ። እንደራሴዎች በቀጥታ ለዚሁ ሚኒስቴር ሁለት የጽሑፍ ጥያቄ ለየብቻ ያቅርቡ፦ ስንት ሰው ይነካል? ማስተካከያውስ ስንት ያስወጣል? ሁለቱ ተጣምረው ከቀረቡ ለአንዱ ብቻ መልስ ሰጥቶ ማለፍ ይቀላል።