ከፍሎ የጨረሰ ሰው እስከ መቼ ባለዕዳ ይባላል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጎንደር ውስጥ ለትንንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ብድር ሲጠይቁም ዶክመንታቸውን አደራጅላቸዋለሁ። የምጽፍላችሁ ብድራቸውን ከፍለው ጨርሰው ሳለ መዝገብ ላይ ግን አሁንም ባለዕዳ ስለሆኑ ሰዎች ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ቅዳሜ ገበያ የሀገር ልብስ ይሸጣሉ። ባለፈው ዓመት ከባንክ ብድር ጠየቁ። ግብራቸው ተከፍሏል፣ ንግድ ፈቃዳቸው ታድሷል፣ ማስያዣ ቤታቸውም ተገምቷል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የብድር ክፍሉ ጠራቸውና «እትዬ፣ ብሔራዊ ባንክ ላይ ዕዳ ያሳያል፤ አንችልም» አላቸው። ሴትዮዋ ደነገጡ። ከብሔራዊ ባንክ አምስት ሳንቲም ተበድረው አያውቁም።

ሲጣራ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከዓመታት በፊት ከአንድ አበዳሪ ተቋም በቡድን ዋስትና የወሰዱት ብድር ነው። እስከ መጨረሻው ከፍለዋል፤ ደረሰኙም በእጃቸው አለ። ተቋሙ ግን ብድሩን ሲስተም ላይ አልዘጋውም። ስለዚህ በተበላሸ ብድር ስም ተቀምጦ ቆየ።

ብዙ ሰው አሠራሩን ስለማያውቀው በአጭሩ ልንገራችሁ። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ማዕከሉ የሚሠራው ባንኩ ባወጣው መመሪያ ነው። አበዳሪዎች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ወደዚያ ይልካሉ። አዲስ ብድር ስትጠይቁ ባንኩ በቲን ነምበራችሁ ገብቶ ያያል። መክፈያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ከተበላሸ ብድር ይመደባል። ማዕከሉ ከራሱ አምጥቶ ዕዳ አይጽፍም፤ የተላከለትን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ስህተቱን የላከው አበዳሪ ነው ማረም ያለበት።

ሰው የሚንገላታውም እዚህ ላይ ነው። ብድር የከለከለው ባንክ «ያስገባው ተቋም ያስተካክል» ይላል። እውነቱን ነው። ያስገባው ተቋም ጋ ሲኬድ ደግሞ ቅርንጫፉ «እኛ ጋ ዕዳ የለብዎትም፤ ማስተካከል የሚችለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ይላል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲደወል «ተልኳል፣ ጠብቁ» ነው መልሱ። አንዱማ «አዲስ አበባ ሄደው ብሔራዊ ባንክን ይጠይቁ» አላቸው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዚህን ዘመን መንገድ የክልላችን ሰው ያውቀዋል። በአውሮፕላን ልሂድ ቢሉ ደግሞ የቲኬቱ ብር ሸቀጥ ይገዛል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የጊዜው ነገር ነው። እዚህ ከተማ የሀገር ልብስ ነጋዴ ዓመቱን የሚገፋው በጥምቀት ገበያ ነው። ለጥር 11 የሚደርስ ልብስ በጥቅምት፣ ቢዘገይ በኅዳር ለሸማኔ መታዘዝ አለበት። ከዚያ ጥልፉ አለ፣ ስፌቱ አለ። ብር የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። የደንበኛዬ መዝገብ የተስተካከለው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አራጣ ተበድረው ጥቂት ልብስ አሠሩ። ትርፉን አራጣው በላው። ተቋሙ ግን «ተስተካክሏል እኮ!» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ይቅርታ ያላቸው የለም።

የሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። ስማቸው እስከ አያት ተመሳስሎ የሌላ ሰው ዕዳ የተለጠፈባቸው አሉ። የመጨረሻውን ክፍያ ከፍለው ሲወጡ ያልተሰላ ቁራጭ ወለድ ቀርቶባቸው፣ እሱ ቀን እየቆጠረ ስማቸውን ያበላሸባቸውም አሉ። ስለቁራጯ ማንም ደውሎ አልነገራቸውም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ብሔራዊ ባንክም የፋይናንስ ተቋማት የደንበኛ ቅሬታ ተቀብለው መልስ እንዲሰጡ በመመሪያ አዟል። ታዲያ ቅርንጫፍ ላይ ቅሬታውን ፈርሞ የሚቀበል ሰው ለምን ይጠፋል?

አበዳሪዎችን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። «ዕዳ ያሳያል» ብላችሁ ሰው ስትመልሱ፣ የየትኛው ተቋም ዕዳ እንደሆነ፣ መጠኑንና ቀኑን በወረቀት ስጡት። በቃል ብቻ የተነገረው ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? መረጃውን የላከው ተቋምም ማመልከቻውን እዚሁ ቅርንጫፍ ላይ ተቀብሎ፣ ማህተም መትቶ፣ መቼ እንደሚያርም ቀን ይቁረጥ። ደረሰኝ ይዞ የሚከራከር ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ መዝገቡ ላይ «ክርክር ያለበት» ተብሎ ይጻፍለት። ብሔራዊ ባንክም ለማረሚያ የሚፈቀደውን ቀን በግልጽ ያሳውቀን፤ ቀኑን ያሳለፈ ተቋም ይቀጣ።

ለነጋዴ ወገኖቼም አንድ ነገር ልበል። የመጨረሻዋን ክፍያ ከፍላችሁ በደረሰኝ ብቻ አትውጡ። ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት ክሊራንስ አስጽፉ። ኮፒ አድርጉና ቤት አስቀምጡ። ብድር ለመጠየቅ ካሰባችሁም ብሩ ከሚያስፈልጋችሁ ወራት ቀደም ብላችሁ፣ የድሮ ብድራችሁ መዘጋቱን የድሮ አበዳሪያችሁ ጋ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ ማራኪ ክፍለ ከተማ