የጠበቃ ፋይልና የንብረት ምርመራ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በወንጀል የተገኘን ወይም ምንጩ ያልታወቀን ንብረት ለመውረስ የሚያስችለው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ቁጥር 1364/2017 ከወጣ ወዲህ የሚሰማው ክርክር በአብዛኛው አዋጁ ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራቱንና የንብረትን ምንጭ የማስረዳት ሸክም ወደ ባለንብረቱ መዞሩን የሚመለከት ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም፣ በጥብቅና ሥራ ለምንተዳደር ሰዎች በየቀኑ የሚያጋጥመን ሌላ ነው፤ ይኸውም መርማሪ የጠበቃን ፋይል እስከ የት ድረስ ሊያስከፍት ይችላል የሚለው ነው።

በቅርቡ ማኅተም ያረፈበት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ቢሮዬ ደርሶኝ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ስለ ገዛው ቤት በእጄ ያለውን «ማናቸውንም ሰነድና መረጃ» በሦስት ቀን ውስጥ እንዳቀርብ ያዛል። ክላሰሩን ሳወጣ ከፊት ያገኘሁት የሽያጭ ውሉን ቅጂና የባንክ ደረሰኙን ነው። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ደንበኛዬ ምክር ሊጠይቅ የመጣ ዕለት በእስክሪብቶ የሞነጫጨርኳቸው ሁለት ገጾች አሉ፤ ከገንዘቡ የትኛው ከውጭ አገር ወንድሙ የላከለት፣ የትኛው የዕቁብ፣ የትኛው ደረሰኝ የሌለው እንደሆነ የነገረኝ ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ውሉና ደረሰኙ ሰነዶች ማረጋገጫና ባንክ ዘንድም የሚገኙ በመሆናቸው ደንበኛዬን አስፈቅጄ ሰጠሁ። ሁለቱን ገጾች ግን እንደማልሰጥ በጽሑፍ አሳወቅሁ።

እምቢታዬ ከግትርነት የመጣ አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ጠበቃ በወንጀል ያስቀጣል። ከዚህ የከበደው ደግሞ የባለንብረቱ አጣብቂኝ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል ለመስጠት እንደማይገደድ፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በምስክርነት ለመቅረብ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ስለ ቤቱ የሚጠየቀው ሰው ግን አልተያዘም፣ አልተከሰሰምም። ዝም ቢል ቤቱን ሊያጣ ይችላል፤ ቢናገር ቃሉ ነገ በወንጀል መዝገብ ላይ ሊቀርብበት ይችላል። ሳይፈራ ሊናገር የሚችለው ለጠበቃው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ያም በር ከተከፈተ ምክር የሚጠይቅ ሰው ከመጀመሪያው እውነቱን ደብቆ ይመጣል።

ጠንካራ የንብረት ምርመራ ሕግ ያላቸው አገሮች ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የእንግሊዝ የወንጀል ፍሬ ሕግ መርማሪው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንንም ሰው መልስና ሰነድ እንዲሰጥ ለማስገደድ ያስችለዋል። ሆኖም በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለውን ምስጢር ከትእዛዙ ውጪ አድርጎታል፤ ጠበቃው ሊገደድ የሚችለው የደንበኛውን ስምና አድራሻ እንዲናገር ነው። ተገዶ የተሰጠ መልስም፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ በተናጋሪው ላይ በወንጀል ክስ ማስረጃ አይሆንም።

በምስጢር ስም ገንዘብ የሚያሸሽ ጠበቃ የለም ብዬ አልከራከርም። የደንበኛውን ገንዘብ በራሱ ሒሳብ የሚያዘዋውር፣ በዘመድ ስም ቤት የሚያስገዛ የሙያ ባልደረባ ቢኖር (እንዲህ ያለው ደግሞ ሁላችንንም ያሳፍራል) የሠራው የደላላ ሥራ ስለሆነ ጥበቃ አይገባውም። ወንጀል ለመፈጸም የተጠየቀ ምክርም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ይህን እ.ኤ.አ. በ1884 ወስኗል።

ስለዚህ ለፍትሕ ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ ጠባብ ነው። በአዋጁ አፈጻጸም ላይ ለመርማሪዎች የሚሰጥ መመሪያ፣ ቀድሞውንም በሌላ ሰው እጅ የሚገኝን ሰነድ ለምክር ሲባል ከተነገረ ቃል ይለይልን። ጠበቃው ምስጢር ነው ያለውን ወረቀት መርማሪው አንብቦ ከሚወስን ይልቅ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ዋናውን ጉዳይ የማያይ ዳኛ ዘንድ ቀርቦ ይወሰንበት። ለንብረት ምርመራ ተገዶ የተሰጠ ቃልም ወደ ወንጀል መዝገብ እንዳይሻገር በግልጽ ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቃ
አዲስ አበባ