የተማሪዬን ተርባይን ከጠረጴዛ ላስነሱት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በትምህርት ቢሮው የሳይንስና ምህንድስና ማበልጸጊያ ፕሮግራሞችን ለሚመሩት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ይሄን በአደባባይ የምጽፈው ሌላው በር ሁሉ ስለተዘጋብኝ ነው። ሦስት ጊዜ ኢሜይል ልኬያለሁ፣ አንዴ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ መጥቼ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተሰጥቶኛል፣ ሁለቴ ደውዬ "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" ተብያለሁ። የሚመለከተው ክፍል የእርስዎ ነው። አምስት ወር ሞላው፣ አንድ መስመር መልስ አላገኘሁም። ደብዳቤዬ ደርሶዎት ካላነበቡት እዚህ ያንብቡት፣ አንብበውት ዝም ብለው ከሆነ ደግሞ ሌሎች መምህራንና ወላጆችም አብረውዎት ያንብቡት።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ከተበላሸ ፕሪንተር ውስጥ የወጣች ትንሽ ሞተር ይዛ መጣችና "ቲቸር ሞተር ኤሌክትሪክ ስንሰጠው ይዞራል፣ እኛ ብናዞረውስ ኤሌክትሪክ ይሰጠናል?" አለችኝ። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ነገር ነው እኮ፣ ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ አንዱ ከአንዱ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ትንሽ ቦታ ተሰጥቶት ለፈተና ተሸምድዶ ይታለፋል። እኔ አዎም አይደለምም አላልኳትም፣ ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር ሰጠኋት። ሞተሯን በጣቷ ስታሽከረክራት ቁጥሩ ከዜሮ ሲነሳ ያየችበትን ፊት ቢያዩት ኖሮ ይሄ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር።

ከዛ ንፋስ እንዲያዞረው ክንፍ ልሥራለት አለች፣ ተርባይን መሆኑ ነው። መጀመሪያ ከካርቶን ስድስት ክንፍ ሠራች፣ ከበደና በቬንትሌተሩ ንፋስ አልዞር አለ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጣ በሦስት አደረገችው፣ 0.7 ቮልት። ሐሳቧ ነጭ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ማብራት ነበር፣ ነጩ ግን 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፣ ቀዩ 1.8 አካባቢ ይበቃዋል። ይሄን ማንም አልነገራትም፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድብ ሪዚስተር አስገብታ በአንድ ባትሪ፣ ከዛ በሁለት ባትሪ እየሞከረች ራሷ ነው ያወቀችው፣ አውቃም ነጩን ትታ ወደ ቀዩ ዞረች። ያለሽ ኃይል ውስን ከሆነ የምትፈልጊውን ነገር ካለሽ ጋር ማስማማት፣ ምህንድስና ማለት ይሄው ነው። የክንፎቹን አቅጣጫ ትንሽ አጣመመችው፣ 1.1 ሆነ፣ ደግማ አጣመመችው፣ 1.4። ደብተሯ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሙከራ 7፣ ክንፍ 3፣ 20 ዲግሪ፣ 1.4 ቮልት። ከ20 በላይ ሳደርገው ለምን ይቀንሳል?"

ይሄን ጥያቄ ለአንዲት የአስራ አራት ዓመት ልጅ ማንም አላዘዛትም። 0.4 ቮልት ነበር የቀራት።

በማግስቱ የእናንተ ፕሮግራም ትምህርት ቤታችን መጣ። ቢሮው ካጸደቃቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ የመረጠው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ምርጫውም ላይ እኔ አለሁበት፣ ወረቀቱ ላይ "ተግባር ተኮር የምህንድስና ወርክሾፕ" ስለሚል አምኜ ነው የፈረምኩት። ጠዋት ከቢሮው የመጡ ሰው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ተርባይኗ ጋ ሲደርሱ "ይሄ ይሠራል?" ብለው ጠየቋት። "ገና ነው፣ ትንሽ ቮልት ቀርቶኛል" አለች፣ እውነቱን። "ያላለቀ ሥራ እንግዳ ፊት አይቀርብም፣ አንሱት፣ ጠረጴዛው ለባነሩ ይፈለጋል" አሉ። እኔ ነገሩን ለማስረዳት ስሞክር ሰዓት የለንም ተባልኩ። ሥራዋ ተነሥቶ ዕቃ ክፍል ውስጥ ወንበር ሥር ተቀመጠ፣ ወንበር ሲደራረብበት ሁለት ክንፉ ተሰበረ፣ አንዱ ሽቦም ከሞተሩ ሥር ተነቀለ።

ከዛ ወርክሾፑ ተጀመረ። ከ200 በላይ ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ 40 ደቂቃ ፊት ለፊት አየ። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ተቀላቅሎ "እሳተ ገሞራ" ፈነዳ፣ ጭስ ወጣ፣ ተጨበጨበ። አንድም ልጅ አንድም ነገር በእጁ አልነካም። ያቺው ልጅ እጇን አውጥታ "ሶዳውን እጥፍ ብናደርገው አረፋውም እጥፍ ይሆናል?" ብላ ጠየቀች። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም አቼቶው ስንት ነው የሚለው ላይ ይወሰናል፣ አቼቶው ካለቀ የፈለገውን ያህል ሶዳ ቢጨመር ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይወጣም፣ ሦስት ብርጭቆና ማንኪያ ተሰጥቷት ቢሆን በአስር ደቂቃ ራሷ ትደርስበት ነበር። "ጥያቄ በመጨረሻ" ተባለች። በመጨረሻ ፎቶ ተነሣን። ያቀረቡትን ወጣቶች አልወቅስም፣ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ትምህርት ቤት የሚላኩ ልጆች ናቸው፣ የተነገራቸውን አደረጉ።

ለሁሉም ሰርተፍኬት ተሰጠ፣ ለሷም ተሰጣት። ባልሠራችው ነገር ሰርተፍኬት በእጇ ይዛ የሠራችው ነገር ወንበር ሥር ተሰብሮ ሄዳ አየችው። አላለቀሰችም፣ ደብተሩን ሰጥታኝ ሄደች፣ ከዛን ቀን ወዲህ የሳይንስ ክበብ መጥታ አታውቅም። ጓደኞቿን ስጠይቅ "ያላለቀ ነገር ያሳፍራል ተብላ" ነው ያሉኝ። ክቡር ኃላፊ፣ እዚህ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ይሄን ቃል ያስገባው የእናንተ ቢሮ ነው፣ እኔ ስንት ወር ለፍቼ ተቃራኒውን ሳስተምራት ከርሜ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወጣው ሪፖርት ደግሞ "ከ200 በላይ ተማሪዎች በምህንድስና የተግባር ሥልጠና አገኙ" ይላል። ይሄ ውሸት ነው። እዛ ነበርኩ።

ራሳችሁ ያወጣችሁት መመሪያ ተማሪው በእጁ ይሥራ፣ ይሞክር፣ ውጤቱን ይመዝግብ እንደሚል እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ታዲያ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውን ፕሮግራም በዚህ መመሪያ የሚመዝነው ማነው? ከዝርዝሩ ላይ ለአስራ አንዱ ደወልኩ፣ አራቱ ስልካቸው አይሠራም፣ ሦስቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ የተማሪ ብዛትና አዳራሽ አለ ወይ የሚለውን ነው፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ የጠየቀኝ አንድ ብቻ ነው፣ ምን እንደተማሩ እስካሁን የጠየቀ የለም። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ ቢያንስ ሳየው መጠርጠር እችላለሁ፣ አንድ የሳይንስ መምህር ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ግን ዝርዝሩን አምኖ ከመፈረም ሌላ ምን አማራጭ አለው? ዝርዝሩ ላይ የቢሮው ማኅተም አለ እኮ፣ ማኅተም ማለት አይተነዋል ማለት ነው።

ጥሩው ምን እንደሚመስል አይታወቅም እንዳይሉኝ። በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዦርዥ ሻርፓክ ከባልደረቦቹ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመረው ፕሮግራም አለ፣ አንዱ መርሁ እያንዳንዱ ልጅ የሙከራ ደብተር ይኑረው፣ በራሱ ቃል ይጻፍበት የሚል ነው። ደብተር! የኔ ተማሪ የያዘችው ዓይነት። ቦስተን ያለው የሳይንስ ሙዚየም ለሕፃናት ያዘጋጀው የምህንድስና ትምህርት አምስት እርምጃ አለው፣ ጠይቅ፣ አስብ፣ አቅድ፣ ሥራ፣ አሻሽል። አምስተኛውን ልብ ይበሉልኝ፣ አሻሽል ማለት መጀመሪያ የተሠራው አልበቃም ማለት ነው፣ ያላለቀ ሥራ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። እንግሊዝ ውስጥ የብሪታንያ ሳይንስ ማኅበር የሚሰጠው ክረስት የሚባል የተማሪዎች ሽልማት የነሐሱ ደረጃ ብቻ 10 ሰዓት ያህል የፕሮጀክት ሥራ ይጠይቃል፣ ብሩ 30፣ ወርቁ 70። የእናንተ ሰርተፍኬት በ40 ደቂቃ ለ200 ልጅ ነው የታደለው፣ ያውም ለመቀመጥ።

ብዙ ዕቃ ያስፈልጋል የሚለውንም መልስ አልቀበልም። ክርና ድንጋይ ስጡኝ፣ አንድ ሜትር ክር ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ አንዴ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ አንድ ሰከንድ ብቻ እንዲፈጅበት ክሩን ስንት እናድርገው ብዬ ልጆቹን ስጠይቃቸው ሁሉም ግማሽ ሜትር ይላሉ፣ ይሞክሩታል፣ አይሆንም፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ያሳጥራሉ፣ 25 ሳንቲሜትር ላይ ይደርሳሉ፣ ከዛ "ለምን ሩብ?" የሚለው ጥያቄ ከነሱ ይመጣል። ድንጋዩን በከባድ ይቀይሩታል፣ ሰዓቱ አይለወጥም፣ እንደገና ይጨቃጨቃሉ። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚሰጣቸውን ፌት የሚባሉ ሲሙሌሽኖች (ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች) ሊጠቀም ይችላል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የፊዚክስ ሊቁ ካርል ዊማን የጀመራቸው ናቸው፣ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማሠራትም ይቻላል። እነዚህ አንዳቸውም ዝርዝራችሁ ላይ የሉም። ለምን? ባነር ስለሌላቸው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ስም ሥር ለስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ ልጁ በእጁ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምን ዕቃ እንደሚፈልግና ጥንቃቄው ምን እንደሆነ ይጻፍ። ከቢሮው አንድ ሰው ሄዶ ሳያየው ማኅተም አይደረግበት። የተጠቀሙበት መምህራን ጥሩም ይሁን መጥፎ ያሉት ነገር አብሮ ይውጣ፣ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔ ያን ቀን አልፈርምም ነበር። ስልኩ የማይሠራውን አውጡት፣ ይሄማ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ያንን ሪፖርትም አርሙት፣ "ተመለከቱ" በሉ፣ "ሠለጠኑ" አትበሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ለልጅቷ በጽሑፍ ይቅርታ ይጠየቅ። ለኔ አይደለም፣ ለሷ። ያን ቀን የመጡት ሰው ስም አያስፈልገኝም፣ ቢሮው በራሱ ስም ይጻፍላት፣ ሥራሽ መነሣት አልነበረበትም፣ ያላለቀ መሆኑም ነውር አይደለም ይበላት። ተርባይኗን ልጠግነው ብዬ ነበር፣ ግን የሷ ሥራ ስለሆነ አልነካሁትም፣ የተሰበሩትን ክንፎችና ሞተሯን በካርቶን አድርጌ ቆልፌበታለሁ፣ ደብተሯም አብሮ አለ። ደብዳቤው ከደረሰኝ እኔው ቤቷ ድረስ እወስድላታለሁ።

የሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ሊወጣ ነው ተብሏል። እስከዛው መልስ እጠብቃለሁ፣ ካልመጣ ትምህርት ቤታችን ከዝርዝሩ ምንም እንዳይመርጥ ለመምህራን ስብሰባ አቀርባለሁ፣ የሌሎች ትምህርት ቤቶች የክበብ ኃላፊዎችም ያጋጠማቸውን እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።

የፊዚክስ መምህርና የሳይንስ ክበብ ኃላፊ