የምስጋና መልእክት፦ ጥያቄያችንን ላልዘጋችሁብን ሁሉ

ምክንያቱ ገና ባይገባንም ስሙን መጥራት ላላስተወን ልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይሁን። ልጃችን በሕመም እንደተለየን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሆነውን አንደግመውም።

ጎረቤቶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮችና መዘምራን፣ የልጃችን አስተማሪዎችና የክፍል ጓደኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም ደውላችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ፦ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል፤ ክፉ አይንካችሁ።

አሁን ወደ እትዬ እንሂድ። የዚህ መልእክት ግማሹ የእሳቸው ነው፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለን። «ስሜን ብታነሡ እቀየማችኋለሁ» ስላሉ ስማቸውን አንጽፍም። ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ የሸበቱ ሰው ናቸው። «እትዬ ምን ቢሏችሁ ነው የበረታችሁት?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ያሉን ጥቂት ነው፤ ያደረጉት ግን ብዙ ነው። ነገ ሌላ ሐዘንተኛ ዘንድ ስትገቡ ይጠቅማችኋልና አሠራራቸውን እንጻፈው።

መጀመሪያ ዝም አሉ። «የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ መሬት ላይ ሲቀመጡ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የመጣው ኤልፋዝ በምዕራፍ 4 አፉን ሲከፍት ነው» ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ፣ በ42፥7 ላይ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው «ለምን?» እያለ በጮኸው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር ሆነው መልስ በሰጡት በሦስቱ ወዳጆቹ ላይ ነው። እንዲያውም የሚጸልይላቸው ኢዮብ ራሱ ሆነ።

ንባቡንም ከራእይ 21 አልጀመሩም። እንባው ገና ላልፈሰሰ ሰው «እንባ ሁሉ ይታበሳል» ብሎ ማንበብ «አታልቅስ» ከማለት አይለይም ይላሉ። የጀመሩት ከመዝሙር 13 ነው (በግእዙ ዳዊት 12 ነው፤ ቁጥሩ እዚህ አካባቢ በአንድ ይቀንሳል)። ስድስት ቁጥር ብቻ ያላት መዝሙር ናት። ቁጥር 1 እና 2 «እስከ መቼ» እያሉ ይጠይቃሉ፣ 3 እና 4 ይለምናሉ፣ 5 እና 6 ይታመናሉ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ድምፅ ተሰምቶ፣ ከሩብ ሰዓት ሳይበልጥ ይነበባል። ሐዘንተኛው ቁጥር 2 ላይ ድምፁ ከተቋረጠ እዚያው ይቆማል፤ ማንም ተቀብሎ አያነብለትም። በማግሥቱ እንደገና ከ1 ይጀመራል። ነገሩ የሚበላሸው አጽናኙ ቶሎ ቁጥር 5 ላይ ለመድረስ ሲጣደፍ ነው። ሐዘንተኛው ያን ጊዜ በአፉ «አሜን» ይላል፤ ጥያቄው ግን ሳይወጣ ውስጡ ይቀርና ኋላ ጸሎትን ያስጠላዋል። ቁጥር 5 ጭራሽ በማይደረስበት ቀን መዝሙር 88 አለ። «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ከመጀመሩ በቀር መጽናኛ የለበትም፤ መጨረሻውም ጨለማ ነው። ግን ጸሎት ነው፤ ከመጽሐፉም አልወጣም።

ቀጥለው ደብተር አመጡና ለሦስት ከፈሉት። አንደኛው ክፍል ሰው ሊመልሰው ለሚችል ጥያቄ ነው፦ ሕመሙ ምን ነበር? ቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር ወይ? መድኃኒቱ ለምን አልሠራም? ይህ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ሁለተኛው የፍርድ ነው። በሰው ቸልተኝነት የደረሰ ጉዳት ካለ ለሚመለከተው ይቀርባል እንጂ «ጌታ ያውቃል» ተብሎ አይሸፈንም። ሦስተኛው የቀረው ነው፦ ለምን እሱ? ለምን አሁን? ስንጸልይ የት ነበርክ? ለሰማይ የሚቆየው ይህ ብቻ ነው።

ክፍፍሉን የወሰዱት ከዘዳግም 29፥29 ነው፤ ምሥጢሩ ለእግዚአብሔር፣ የተገለጠው ለእኛና ለልጆቻችን። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሦስቱን ሲደባልቅ እንደሆነ ደጋግመው ነግረውናል። አንዱ፣ ሐኪም በአንድ ቀጠሮ የሚያስረዳውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲከስስ ይኖራል። ሌላው ደግሞ ማንም ሐኪም የማይመልሰውን ከሐኪም ሲጠብቅ በየቢሮው ይንከራተታል። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የገባ ጥያቄ ቀን ይጻፍበታል፤ አይሰረዝም፤ መልስ የሚመስል ጥቅስም ጎኑ አይለጠፍበትም። አንዳንዱ ጥያቄ በጊዜ ብዛት ወደ አንደኛው ክፍል ይዛወራል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ይታያል።

የአንደኛውን ክፍል ጥያቄዎች ተቀብለህ ፋይሉን ከፍተህ በገባን ቋንቋ ላስረዳኸን፣ ሕክምናው የማያውቀውንም «አናውቅም» ላልከን ወጣት ሐኪም፦ ትልቅ ውለታ ነው የዋልክልን። አስተካክለህ ያልከውን «አናውቅም» ወደ ሦስተኛው ክፍል አዛውረነዋል።

ኢዮብ 42ን ለማንበብ እትዬ ብዙ አቆይተውናል። ሲደርሱበትም እርሳስ አስይዘው ቁጥሮቹን አስጻፉን። በምዕራፍ 1 ኢዮብ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 አህዮች ነበሩት። በመጨረሻው 14,000፣ 6,000፣ 1,000 ጥማድ እና 1,000 ሆኑ፤ ሁሉም እጥፍ። ልጆቹስ? በመጀመሪያ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ በመጨረሻም ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። እጥፍ አልሆኑም። መጽሐፉ ምክንያቱን አይናገርም። ብዙ አንባቢዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የተረዱት እንዲህ ነው፦ የሞቱት በጎች ጠፍተዋል፣ የሞቱት ልጆች ግን ስላልጠፉ ከቁጥር አልወጡም፤ ኢዮብ የሃያ ልጆች አባት ነው። የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ ኢዮብ ጌታ ከሚያስነሣቸው ጋር ዳግም እንደሚነሣ ተጽፏል የሚል ይጨምራል።

እዚህ ላይ መጻፍ አቁመን ነበር። ይቅርታ።

እትዬ፣ ይህን ሲያነቡ መነጽርዎን አውልቀው «እናንተ ልጆች አበዛችሁት» እንደሚሉ እናውቃለን። ያችን የቁጥር ገጽ ከደብተሩ አልቀደድናትም። «ሌላ ልጅ ይሰጣችኋል» ሊሉ የመጡትን ሰዎች ምዕራፉን ራሱን ገልጠው እንዴት በፍቅር ዝም እንዳሰኟቸውም አንረሳም። ሁለተኞቹ አሥር የመጀመሪያዎቹን አሥር አይተኩም፤ ያንን ከርስዎ ተማርን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ወደ ሰማዩ ተስፋ የገባነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እዚያም ቢሆን እትዬ ከተጻፈው በላይ ቃል አልገቡልንም። በኢዮብ ምዕራፍ 1 እና 2 በሰማይ በእግዚአብሔርና በሰይጣን መካከል የተደረገውን ንግግር እኛ አንባቢዎች እናውቀዋለን፤ ኢዮብ ራሱ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ከምዕራፍ 38 እስከ 41 እግዚአብሔር ሲናገረው ጥያቄ በጥያቄ ላይ እንጂ ማብራሪያ አልሰጠውም። ኢዮብ ግን «አሁን ዓይኔ አየችህ» ብሎ አረፈ። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥12 ተስፋ ያደረገው ፊት ለፊት ማየትንና እንደታወቁ ማወቅን ነው። አሁን ግን የምናየው በመስተዋት እንደሚታይ ነው ይላል። በዚያ ዘመን መስተዋት የሚሠራው ከተወለወለ ብረት፣ በተለይም ከነሐስ ነበር፤ ምስሉ ደብዛዛ ነው። አሁን የምናየው ውሸት አይደለም፣ ግን ድንግዝግዝ ነው፤ ስለዚህ በድንግዝግዙ ያየነውን የመጨረሻ ፍርድ አድርገን በሰው ላይ አንለጥፍም። ጌታም ለጴጥሮስ በዮሐንስ 13፥7 ላይ፣ የማደርገውን አሁን አታውቅም፣ በኋላ ግን ታስተውለዋለህ አለው። ያ ቃል የተነገረው ስለ እግር መታጠብ ነው። እትዬ ለሐዘን ሲያነቡት ይህንኑ አይደብቁም፤ «በትንሹ ነገር እንዲህ ካለ በትልቁማ» ብለው ያልፋሉ።

ብዙዎቻችንን ያስገረመን የራእይ 5 እና 6 ነው። ዮሐንስ በሰማይ በራእይ ቆሞ፣ በሰባት ማኅተም የታተመውን መጽሐፍ የሚከፍት ስላልተገኘ እጅግ አለቀሰ፤ ገሥጾ ያስወጣው የለም። መጽሐፉን ሊከፍት የመጣውም እንደ ታረደ ሆኖ የቆመ በግ ነው። ከመሠዊያው በታች ያሉ ነፍሳት ደግሞ እዚያው በሰማይ «እስከ መቼ?» ብለው ጮኹ። ነጭ ልብስ ተሰጣቸውና ጥቂት ዘመን እንዲያርፉ ተነገራቸው። ታዲያ ሰማይ ቢገቡም ጥያቄያቸውን አልጣሉም፣ መልሱም ወዲያው አልመጣላቸውም፤ ልብሱና ዕረፍቱ ግን ቀደመ። ራእይ 21፥4 የሚነበበው ከዚህ ቀጥሎ ሲሆን ክብደቱ ይታወቃል። እንባን የሚያብሰው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ለመልአክ እንኳ አልሰጠውም።

«ምን ኀጢአት ቢኖርባቸው ነው» ብላችሁ በሹክሹክታ ለጠየቃችሁ፦ ሉቃስ 13፥4ን አንብቡ፤ በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው አሥራ ስምንቱ ከሌላው የባሱ አልነበሩም። «እግዚአብሔር ለበጎ ነው» ላላችሁን ግን እንዲሁ እናመሰግናለን፤ ልባችሁን አይተናል። ሌላ ቤት ስትሄዱ ሮሜ 8፥28ን ከ18 ጀምራችሁ አንብቡት እንጂ ነጥላችሁ አታምጡት። ከፊቱ ፍጥረት ይቃትታል፣ እኛም እንቃትታለን፣ መንፈስም በማይነገር መቃተት ይማልድልናል። ሦስቱ መቃተት ተዘሎ 28 ብቻ ሲመጣ ሐዘንተኛውን ያስኮርፈዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የላካችሁት ሥዕል ደርሶናል።

ስማችሁን ያልጠራናችሁ፣ ስልካችሁን ያላነሣንላችሁ፣ መልእክታችሁን አይተን ዝም ያልናችሁ እጅግ ብዙ ናችሁ። ረስተናችሁ አይደለም፤ ይቅር በሉን። ከሁሉ ይልቅ፣ መጥታችሁ ምን እንደምትሉ ጠፍቷችሁ አብራችሁን ብቻ አልቅሳችሁ የሄዳችሁ፣ «ምንም ሳልረዳቸው መጣሁ» እያላችሁ እንደሆነ ሰምተናል። ወንድማቸው አልዓዛር ሲሞት ማርታም ማርያምም ለጌታ ያሉት አንድ ነው፦ አንተ በዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተም ነበር። ለማርታ በቃል መለሰላት፤ ለማርያም እንባውን አፈሰሰ። እናንተ የሁለተኛውን አድርጋችኋል።

የንባቡን ቅደም ተከተል ለጠየቃችሁን፦ መዝሙር 13፣ መዝሙር 88፣ ኢዮብ 1 እና 2፣ ዮሐንስ 11፣ ኢዮብ ከ38 እስከ 42፣ ሮሜ 8 ከቁጥር 18፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 13፣ ራእይ 5 እና 6፣ በመጨረሻ ራእይ 21። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፈው ሐዘንተኛው ራሱ «እንቀጥል» ሲል ነው። ደብተሩን ማየት የምትፈልጉ ቤታችን ኑ፤ ሦስተኛው ክፍል ባዶ ገጽ ስላለው የራሳችሁን ጥያቄ ጽፋችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

በሐዘናችን የቆማችሁትን በደስታችሁ ያቁመን።

ቤተሰቡ